የጓንቱ መስመር

ክረምቱ ሲገባ ቀን በሚጨልምባት፣
ነፋስ ሳያንኳኳ ገብቶ በሚያድርባት፣
ሊፓያ ከተማ፣ ከባልቲክ ባሕር ዳር፣
ቬልጋ የሚሏት ሴት ፒያኖ ስትቃኝ ትኖር ነበር።
የትምህርት ቤቱን፣ የጸሎት ቤቱን፣
ጥርሱ የወላለቀ የመርከበኞች ክበቡን።
ማታ ማታ ደግሞ፣ ዘጠኝ ክረምት ሙሉ፣
አንድ ታሪክ ይዛ ትጽፋለች አሉ።

ስለ አንድ ወንድም ነው፤ ኢንዱሊስ ይባላል፤
ንጋት ላይ ይነሣል፣ ጫማውን ያጠልቃል፣
በሩን ይከፍትና ሳይዘጋው ይሄዳል።
ታሪኩ ይኸው ነው፤ ጉድ የለም፣ ብልሃት፤
መጨረሻው ብቻ አልረጋ አላት።

አንዴ በደብዳቤ፣ አንዴ በሐዘን ጥሪ፣
አንዴ በበጋ ቀን፣ በወፍ በዘማሪ፣
አንዴ እናትየውን መስኮት ሥር አቁማ፣
አንዴም ለማዕበሉ ስሙን አሸክማ፣
ሠላሳ አንድ ጊዜ ጨረሰችው። ሠላሳ አንድ ጊዜ
ማለዳ ስታየው፣ የማታው ትካዜ
እንደ ትናንት ሾርባ ሞራ ሠርቶበታል።
ወደ ምድጃው ነው፤ ቤቱስ ሞቆበታል።

የእነሱ ማብቂያ አንዲት ነጥብ ናት፣
እንደ እኛ አራት ሆና አትደረደርም፤
አንዴ ጫን አድርጎ፣ እርሳሱን አንሥቶ መሄድ ነው።
ቬልጋ ግን ያችን አንዲት ነጥብ
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጣቷ ጫፍ ይዛ ትዞራለች፣
ማስቀመጫ እንደጠፋለት መርፌ።

ሥራዋ ላይ እንዲህ አይደለችም።
አውታሩ ሲወጠር ሁለቱ ድምፆች ይጣላሉ፣
ይንቀጠቀጣሉ፣ ቀስ እያሉ ይቀራረባሉ፣
ከዚያ ጸጥ።
ያኔ እጇን ታነሣለች።
አንዲት ፀጉር ታህል ቢጨምሩበት
ጸቡ ይመለሳል፣ ወይም አውታሩ ይበጠሳል።

በጥር አጋማሽ፣ የጡረተኞች ቤት
ፒያኖ ልትቃኝ ሄዳ፣ ታሊቫልዲስ አገኛት፤
ማተሚያ ቤት አርባ ዓመት የእርሳስ ፊደል የለቀመ፣
ዓይኑ የደከመ፣ ጆሮው ያልደከመ።
«ቦርሳሽ ውስጥ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ አንብቢልኝ» አላት።

አነበበችለት። ኢንዱሊስ ጫማውን አጠለቀ፤
በሩን ከፈተ፤ ብርዱ ገባ፤ እሱ ራቀ።
ሽማግሌው ብድግ አለና ካፖርቱን ለበሰ።
«ኧረ አንድ ገጽ ቀርቶኛል!» — «የለም፣» አላት፣ «ደረሰ።
የቀረው ገጽ እንግዳ ከሸኘሽ በኋላ
አጥሩ ሥር የምትቆሚው ነው፣
‹ደኅና ግባ፣ ደኅና ግባ› እያልሽ።
ሰውየው ሄዷል፣ ልጄ።
እጅሽን የምታውለበልቢው ለማን ነው?»

ተናደደች። ደኅና ዋልም ሳትለው ወጣች።
መቃኛዋን ረስታ ኖሮ፣ ከበር ተመለሰች፤
ዓይኑን ሳታየው አንሥታ ሄደች።

ሌሊቱን ያን ገጽ ከሌሎቹ ለይታ
ምድጃው አፍ ላይ ያዘችው።
ጥሩ ገጽ ነበር። ጥሩነቱ ነው የከፋው።
ጣለችው።

ሽማግሌውም ቢሆን ሁሉን አላወቀም።
ማለዳ ስታነበው፣ ከበሩ ወዲህ አንድ ነገር ጎደለ፤
አንድ መስመር ብቻ፣ ከተቃጠለው ገጽ በቃሏ የቀረ፦
ወለሉ ላይ የወደቀ የግራ እጅ ጓንት።
እሱን መለሰችው።

እንደገና እርሳሱን አነሣች፤ ጫፉ ዶልዱሟል፤
መቅረጫው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው ቅርብ ነው፤
አልተነሣችም።
ታሪኩን አየችው፤ ታሪኩ ግን አላያትም፣
በደጅ እንደሚያልፍ የጎረቤት ልጅ፣
በአንድ ክረምት ቁመቱ እንደተመዘዘ፣
ሰላምታም እንደማይሰጥ።

በሳምንቱ ታሊቫልዲስ ጠየቃት።
«ገጹን ጣልሽው?»
«ጣልኩት። ጓንቱን አስቀረሁት።»
«ጓንቱ ደግሞ ምን ያደርጋል?»
«እኔም አላውቅም» አለችው፤ «እዚያ ላይ ነው ያቆምኩት።»

ሽማግሌው ምንም አልመለሰም፤ ግራ እጁን ብቻ
ኪሱ ውስጥ ከተታት፣ እንደበረደው ሰው።